የአበልጄ መነጽር

ለማከብርሽ፣ እንደ እህቴ ለማይሽ አበልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ ብሎ ያወጣሻል? ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስድሻል? እዚያ ካዬን ከተማ ሾርባ ይዛ ደጅሽን ታንኳኳለች ያልሽኝን ጎረቤት ጌታ በጤና ያቆይልሽ፤ በሰው አገር ደጅ የሚያንኳኳ ሰው ግማሽ ዘመድ ነው። እኛ ደህና ነን፤ ለስሙ ምስጋና ይግባው። የክርስትና ልጅሽ፣ ልጄ ጌርሊን ጉልበትሽን ስማለች። የስፌት መኪናዬ ብታጉረመርምም አልቆመችም። አውሎ ነፋሱ ግማሹን ገንጥሎት የነበረው የዳቦ ፍሬ ዛፋችን በቀረው ጎኑ ዘንድሮ እንደ ሙሉ ዛፍ አፍርቷል። የባለቤቴን የኢልሜንን መቃብር ለሙታን ቀን ነጭ ቀብተነዋል፤ ሻማ ስናበራ በአንቺም ስም አንድ አቁመናል።

ለሙት ዓመቷ መምጣት ስላልቻልሽ ይቅርታ ጠይቀሽ ነበር። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም፤ ባሕሩን አንቺ አልፈጠርሽው። ይሁን እንጂ የዚያን ቀን የሆነውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን ካልነገርኩሽ እህል አይወርድልኝም። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁምና አጻጻፌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ጌርሊን ትምህርቷን ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል ፎቶዋን ልከንልሻል። ልጅቷ እንዴት ታጠና እንደነበር ደግሞ አንቺ ሳታይም ታውቂዋለሽ፤ አንቺና ኢልሜን እንዳጠናችሁት ነው። አመሻሽ ላይ በእኛ መንገድ ያለፈ ሰው እስከ ዛሬ የሚያየው ያንኑ ነው፦ ልጆቹ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከማንጎው ዛፍ እስከ ቧንቧው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ የፈረንሳይኛውን ትምህርት በዜማ ይሸመድዳሉ። እኔ በወጣትነቴ ከአባቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ የልብስ ቁልፍ እየተከልኩ የሁለታችሁን ድምፅ ስሰማ ነው ልቤ ወደ ኢልሜን የሄደው። ምን እንደምትሉ አንድ ቃል አይገባኝም ነበር። የማይገባኝ ስለሆነ ይበልጥ አማረኝ፤ የመላእክት ቋንቋ መሰለኝ።

ጌርሊንን ደግሞ ስትሸመድድ መሃል ላይ ከጠራሻት እጇን አወናጭፋ ከላይ ትጀምራለች። ኢልሜን እየሳቀች «ልጄ እንደ ወንዝ ናት፤ ከምንጯ ካልጀመረች አትፈስም» ትል ነበር። ሁላችንም እንስቅ ነበር።

እንግዲህ የሙት ዓመቱ ዕለት ጸሎት ቤቱ ሞልቶ፣ ንባብ እንዲያነብ የታሰበው ሰው ጉንፋን ድምፁን ዘግቶበት ሳይመጣ ቀረ። መምህር ክሌርሞን፣ ያው አንቺንም ኢልሜንንም ኋላም ጌርሊንን ያስተማረው፣ አሁን ትምህርት ቤቱንም ጸሎት ቤቱንም የሚመራው፣ «የሟች ልጅ እያለች ሌላ ማን ያነባል?» ብሎ መጽሐፉን ገልጦ ሰጣት። በገዛ ቋንቋችን በክሪዮል የታተመው አዲሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ጌርሊን ከዚያ በፊትም እሑድ እሑድ ታነብ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ መምህሩ ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ያነብላታል። አንድ ጊዜ ይበቃታል። ያን ዕለት ማንም አላነበበላትም።

ቆመች። ዝም አለች። ሰው ሁሉ እንባ ያነቃት መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እናቷ በሕመሟ ጊዜ ሁልጊዜ የምትለውን መዝሙረ ዳዊት ጀመረች፤ አንዲት ቃል ሳትደናቀፍ ጨረሰችው። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ከጎኔ የነበረችው እትዬ ዳዴት፣ ገበያ በር ላይ ዓሣ የምትሸጠዋ፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ይህችን የመሰለች ልጅ ወልዳ ማን ይሞታል? ኢልሜን አልሞተችም» አለችኝ።

እኔ ግን ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ቅዱሱን መጽሐፍ በውስጡ ካለው ይልቅ በውፍረቱ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ዳዊት ከመሃል ነው፤ መጽሐፉ የተገለጠው ወደ መጨረሻው ገደማ ነበር። ጣቷም ከገጹ አናት ላይ እንደተተከለ አልተንቀሳቀሰም።

ለእንግዶቹ ቶምቶም ሠርተን ነበር፤ የተቀቀለውን የዳቦ ፍሬ ጌርሊን ራሷ ናት እንደ ሊጥ እስኪሆን የወቀጠችው። ከዋና ከተማ የመጣ አንድ የሩቅ ዘመድ በባሚያው ወጥ እያጠቀሰ ሲያኝከው እትዬ ዳዴት አይታ «አንተ ልጅ፣ ጥርስህን ለበቆሎ አስቀምጠው፤ ቶምቶም ይዋጣል እንጂ አይታኘክም። እናትህ ምንም አላስተማረችህም?» ስትለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጌርሊን አልሳቀችም። እንግዶቹ ሄደው ሙቀጫውን ስታጥብ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ ጣትሽ ለምን አልተንቀሳቀሰም?» አልኳት።

ዘነዘናውን አስቀመጠችና እኔን ሳታይ ተናገረች። «አባዬ፣ ፊደሉን አውቀዋለሁ። ትንንሾቹን ቃላትም አውቃቸዋለሁ። ሰምቼው የማላውቀው ገጽ ሲገለጥልኝ ግን እንደ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሁሉንም ፊት አይቼዋለሁ፣ የማንንም ስም አላውቅም» አለችኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ፈተና እንዴት አለፍሽው ብላት፣ ጥያቄው ሁሉ ከደብተሩ ነው የሚወጣው፣ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች ካልኩት መልሱ መንገድ ላይ ይገኛል አለችኝ። «አንብቢ ሲሉኝ በቃሌ አልኩት። ማንበብ ማለት እሱ መሰለኝ። ያልሰማሁትን ነገር አንብቢ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። ባይገባኝም አልገረመኝም፤ በፈረንሳይኛ ነዋ። ትምህርት ማለት የማይገባ ነገር ማለት መስሎኝ ነበር።» ደግሞ ፈገግ አለችና «እኔም ትምህርቱን እንደ ቶምቶሙ ነው የበላሁት፤ ያኘከ ይሳቅበታል» አለች።

አበልጄ፣ ልቆጣ ይገባኝ ይሆን? በማን ላይ? ያደረብኝ ቁጣ አልነበረም፤ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻውን የገባ ሰው የሚይዘው ዓይነት ፍርሃት ነው። በዚያች ትንሽ ራስ ውስጥ የዓለም ወንዞች ሁሉ፣ የነገሥታቱ ዘመን፣ የአጥንቶች ስም፣ መጻሕፍት ሙሉ ከዳር እስከ ዳር አሉ። አንዱም አልተከፈተም። ውሃ በራሷ ላይ ተሸክማ ተራራውን ሙሉ የምትወጣ ሴት፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ውሃ መሆኑን ሳታውቅ። ይህን ያህል መሸከም የሚችል ፍጥረት የሠራ አምላክ ምን ዓይነት አምላክ ነው አልኩ። እኔስ ስንት ዓመት ዜማውን ስወድ፣ ምን ይላል ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ?

ችግሩ ደግሞ ይህ ብቻ አልነበረም። መምህር ክሌርሞን ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያውን ክፍል ለጌርሊን ሊሰጣት ቃል ገብቶ ነበር። ደስ ብሎኝ የመምህርነት ቀሚሷን ሰፍቼ ጨርሼ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየናል። እሷም እያየችው «እኔ ከፊት እላለሁ፤ እነሱ ከኋላዬ ይላሉ። ያድጋሉ፤ ያልፋሉ፤ ወረቀት ይቀበላሉ። ማንም አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ» አለችኝ። ቀሚሱን አሳጥረህ ለሌላ ሰው ስጥልኝ ብላ ለመነችኝ። መቁጠሪያዬን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ምንም አላደረግኩም።

መልሱ በእኔ በኩል አልመጣም። ከዕለታት አንድ ቀን የኢልሜንን ሰማያዊ ቀሚስ ለጌርሊን ላስተካክለው ብዬ እንድትፈታው ሰጠኋት። ስፌቱን በመርፌ እየተረተረች፣ እጅጌውን ከትከሻው፣ ኪሱን ከጎኑ እየለየች፣ አንድ የጸሎት ቤት መዝሙር ታንጎራጉራለች። በመሃል ድምፅዋ ቆመ። ቀሚሱን ጭኗ ላይ ትታ ተነሣችና የመዝሙር መጽሐፉን አመጣች፤ ያንኑ መዝሙር ፈለገችው። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል በታች አድርጋ በጣም ቀስ ብላ ጀመረችው፤ ዜማው ሲረዝም ጣቷም ይቆማል፣ ዜማው ሲሄድ ጣቷም ይሄዳል። «አባዬ፣ ይህን እኮ አውቀዋለሁ። የማውቀውን ነገር ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ሁሉ መፍታት ሆነ። መዝሙሩን እንደ ቀሚሱ ቃል በቃል ፈታችው። አንድ ቃል ከአንዱ መዝሙር ነቅላ በሌላው ውስጥ ስታገኘው፣ ጎረቤት አገር ላይ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ትስቃለች። እኔም ካውያዬ እስኪሞቅ ከጎኗ ቁጭ እል ነበር። ብዙ ጊዜ ተናዳ መጽሐፉን ዘግታዋለች። አንድ ጊዜማ «እኔ ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝ፣ እንደ ሕፃን ጣቴን እየጎተትኩ» ብላ አለቀሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። መምህር ክሌርሞን ለሙት ዓመቱ የመረጠውን ንባብ፣ ያላነበበችውን፣ ልሞክረው አለችኝ። የኢልሜን አባት ወደ ዋና ከተማ ሲሄድ ባሕር ላይ ከነጀልባው የቀረ ሰው ስለሆነ መምህሩ ስለ መርከብ የሚያወራውን መርጦ ነበር፤ እኔም በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። እየተደናቀፈች፣ እየተመለሰች፣ አንዳንዱን ቃል ሦስት አራት ጊዜ እየቀመሰች ሄደች። ማዕበሉ መጣ። ብዙ ቀን ፀሐይም ኮከብም አልታየም። ሰዎቹ እህል መቅመስ ተዉ፤ ዕቃውን ወደ ባሕር ጣሉት። እዚህ ላይ ጌርሊን ቀና ብላ «አባዬ፣ ይድናሉ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እኔም አላውቅም» አለች።

አበልጄ፣ ያንን ፊቷን ልስልልሽ በቻልኩ። የሸመደደ ሰው መጨረሻውን ሳያውቅ ጀምሮ አያውቅምና፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻውን የማታውቀው ነገር በእጇ ላይ ነበር። ወዴት እንደሚወስዳት ሳታውቅ ደግሞ ጣቷን አስቀደመችና ሄደች። መርከቡ ተሰበረ። መዋኘት የሚችሉት ዋኙ፤ የማይችሉት በሳንቃና በስብርባሪ ላይ ተንጠልጥለው ሁሉም ወደ ምድር ደረሱ። አንድ ሰው አልጎደለም። መጽሐፉን ሳትዘጋ ተቀመጠች፤ እኔም እዚያው ተቀመጥኩ። የኢልሜንን አባት አሰብኩ፤ በየትኛው ሳንቃ፣ በየትኛው ዳር ደርሶ ይሆን አልኩ። ካውያው መሬት ላይ የነበረ ጨርቅ አቃጥሎ ሽታው ነው ያነቃን።

በማግስቱ ቀሚሱን ከግድግዳው አወረደችው።

ክፍሉን ተቀበለች። ፈረንሳይኛውን ግን ቆይ አለችውና ልጆቹ ገመድ ሲዘሉ የሚሉትን የዳቦ ፍሬውን ዘፈን፣ ያንቺንና የኢልሜንን የልጅነት ዘፈን፣ በቋንቋችን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው። ይዘፍናሉ፤ በጣታቸው ቃሉን አየር ላይ ይከተላሉ። ከዚያ ዜማውን ትደብቅባቸውና ቃሉን ብቻ ታሳያቸዋለች። መምህር ክሌርሞን በመስኮት አልፎ ጆሮውን ሰጠና ገብቶ «ይህ ዝምታ ምንድን ነው? ትምህርት ቤት ነው መቃብር? የእኔ ክፍል እኮ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር» አላት። እስከ ገና በዓል ድረስ ትምህርቱን በቃላቸው የማይሉ ከሆነ ክፍሉን እንደሚወስድባት ነገራት።

ወላጆቹ ደግሞ ከእሱ ባሱ። እትዬ ዳዴት የልጅ ልጇን ቲ ሮዝን ዩኒፎርም ልታስለካ ይዛ መጥታ ከደጃፍ ጀምራ ወረደችብኝ። «ስማ አንተ የመርፌ ጌታ፣ ልጅህ ምን ነክቷታል? ክሪዮልማ ቤታችንም አለ፤ ፍየሎቹም ይሰሙታል። ልጄን ጫማ አድርጌ የምልካት ፍየሌ የምታውቀውን እንድትማር ነው?» እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳደረግኩ እሷ ቀጠለች፤ ኢልሜን ከመቃብር ብትነሣ ታፍርባችኋለች እስከማለት ደረሰች። ቲ ሮዝ በዚህ መካከል ግድግዳዬን ታያለች። እኔ አንድ ልማድ አለኝ፤ የየሰዉን ልብስ ከመስቀሌ በፊት እንዳይሳሳትብኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ልብሱ ላይ በመርፌ እሰካዋለሁ። ልጅቷ ጣቷን አነሣችና ጮክ ብላ፣ እየተንጠራራች አነበበችው፦ «ዳዴት። ብዙ ታወራለች። ቶሎ ጨርስላት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ዳዴት ቁጣዋን እኔ ላይ ልታወርድ አፏን ከፈተች፤ ከፍታው ቀረች። ወደ ወረቀቱ ዞረች፤ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ማን ነገረሽ ይህን?» አለቻት። ቲ ሮዝ «ወረቀቱ» አለች። «ከዚህ በፊት አይተሽዋል?» «አላየሁትም።» እትዬ ዳዴት በርጩማዬን ስባ ተቀመጠች። እኔ ይህችን ሴት ዝም ብላ ያየኋት ባሏ የሞተ ዕለት ብቻ ነው። በመጨረሻ በቀስታ «እስቲ ደግመሽ በይው» አለቻት። ቲ ሮዝ ደገመችው። «ብዙ ታወራለች» የሚለው ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ቅዳሴ ላይ እንዳለች አንገቷን ዝቅ አደረገች። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ዞር ብላ «ስድብህን በኋላ እመጣበታለሁ፤ ዛሬ ለመምህር ክሌርሞን የምነግረው አለኝ» አለችኝ። ምን እንዳለችው አላውቅም። እሱ ግን አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከጌርሊን ክፍል ከኋለኛው ወንበር ይቀመጣል። ለመቆጣጠር ነው ይላል። የገና በዓል ሲደርስ ክፍሉን ይወስድባት አይወስድባት አላውቅም፤ በጸሎትሽ አስቢን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አየኋቸው። እንዴት ያማሩ ናቸው። አንዱ ጽሕፈቱ ክብ ክብ ነው፣ አንዱ የተጣደፈ ሐኪም የጻፈው ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ የተማሪ ልጅ ነው። በሁሉም ውስጥ መነጽርሽ ተሰብሯል፤ ሌላ ሰው ጽፎልሻል። የሽማግሌዎቹ መጦሪያ ቤት የተሻለውን ሥራ ሊሰጥሽ ጠርቶሽ በመነጽሩ ምክንያት እንደተውሽው ጽፈሻል። እኔ የዋህ ከገበያ መርጬ በመንገደኛ መነጽር ላክሁልሽ፤ አመስግነሽ ጻፍሽ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ እሱም ተሰበረ። ይህን ለኢልሜን በሕመሟ አልጋ ላይ ሳለች ስነግራት ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንባ ሆነ። «የላክህላት እሱ አይደለም መነጽሯ። እውነተኛውን ላክላት» አለችኝ። ትኩሳቱ ነው ብዬ ግንባሯን አበስኩ። ደግማ አላነሣችውም።

ምንም አልጠይቅሽም። አንቺና ኢልሜን በአንድ ወንበር ተቀምጣችሁ ከክፍሉ ሁሉ በላይ በቃላችሁ ትሉ ነበር፤ መምህሩም እናንተን ነበር ለእንግዳ የሚያስነሣው። ያ ክብራችሁ ነው፤ ማንም አይወስደውም። እንዲህ ያለ ማኅደር የሰጣችሁ እግዚአብሔር መክፈቻውን አዘገየው እንጂ አልነፈጋችሁም ብዬ አምናለሁ።

ጌርሊን ለክርስትና እናቷ ከፊርማዬ በታች በትልልቁ የጻፈችው ነገር አለ። የሱ ነገር ለአንቺ ብቻ ነውና፣ ደብዳቤውን አሁን የሚያነብልሽ ማንም ቢሆን እሱን አክብሬ እለምነዋለሁ፤ ፊርማዬ ላይ ሲደርስ አጥፎ ይስጥሽ። ቤቱ ጸጥ ሲል ጣትሽን ከመጀመሪያው ቃል በታች አድርጊና የዳቦ ፍሬውን ዜማ ቀስ ብለሽ ጀምሪው። ዜማው ሲቆም ቁሚ። ኢልሜን ያለችው መነጽር እሱ ነው። ይህኛው አይሰበርም።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽና፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ንዳድ ይጠብቅሽ፤ በሳንቃም ይሁን በመርከብ ወደ ዳር ያድርስሽ። የዳቦ ፍሬው ዛፍ ግማሹ ለአንቺ ይጠብቃል።

አበልጅሽ፣ የኢልሜን ባል

ዳቦ ፍሬ ወደቀ።
ማን ሰማ?
እኔ ሰማሁ።
ዳቦ ፍሬ ወደቀ።
ማን አየ?
እኔ አየሁ።